የድረ ገጹ ቁልፍ በማን እጅ ይሁን?

የሽያጭ ሠራተኛው ያለ ፕሮግራመር ዋጋ የሚለውጥበት ድረ ገጽ ምን ይጠይቃል? ምንስ ያተርፋል?

ዋጋ በየጊዜው በሚለዋወጥበት ገበያ ውስጥ ያረጀ ዋጋ ለጥፎ መቀመጥ ኪሣራ መጥራት እንደሆነ ለነጋዴ መንገር አያሻም። የመርካቶ ባለሱቅ ዕቃው በተወደደበት ዕለት ጠዋት የዋጋ ወረቀቱን ነቅሎ ሌላ ይለጥፋል። የጅምላ አከፋፋዩም ስልኩን አንስቶ ለደንበኞቹ አዲሱን ዋጋ ይነግራል። የድርጅቱ ድረ ገጽ ግን ብዙውን ጊዜ እንዲህ በቀላሉ አይታዘዝም። ገጹን የሠራው ባለሙያ ሌላ ሥራ ይዟል፤ ስልኩ ይጠራል እንጂ አይነሳም፤ ወይም «ሰኞ እሠራዋለሁ» ይላል። እስከዚያው ድረስ ያለፈው ወር ዋጋ በመላው ዓለም ፊት ተሰቅሎ ይሰነብታል።

የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን መፍቀዱ ይታወሳል። ከዚያ ቀን በፊት በባንኮች 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። በ10,000 ዶላር የሚገባ አንድ ማሽን በቀድሞው ተመን 570,000 ብር፣ በ100 ብር ሲሰላ ደግሞ 1 ሚሊዮን ብር ነው። ቀረጡ፣ ታክሱና ማጓጓዣው ሳይጨመር ልዩነቱ ብቻ 430,000 ብር ይሆናል። በእነዚያ ሳምንታት የዋጋ ዝርዝሩን በድረ ገጽ ያወጣ አስመጪ ዋጋውን በሰዓታት ውስጥ መለወጥ ወይም ማንሳት ካልቻለ፣ ከደንበኛው ጋር የሚኖረው ጭቅጭቅ ምን ሊመስል እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

በእርግጥ ሕጉ ለነጋዴው መጠነኛ መከለያ ሰጥቶታል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1687 የዋጋ ዝርዝር ወይም ካታሎግ ለሕዝብ ማውጣትን ብቻውን ውል ለመዋዋል እንደቀረበ ሐሳብ አይቆጥረውም። ይሁን እንጂ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹን የሚያሳስት ማስታወቂያ ይከለክላል። ከሕጉም በላይ ደንበኛው አለ። በድረ ገጽ ያየውን ዋጋ ይዞ መጥቶ ሌላ ዋጋ የተነገረው ደንበኛ አንቀጽ ሲጠቅሱለት አይጽናናም።

በዚህ የተነሳ ድረ ገጻቸውን እንደገና ለማሠራት የሚነሱ ድርጅቶች ከሚያነሷቸው ጥያቄዎች መካከል ዋነኛው የገጹ ውበት መሆኑ እየቀረ ነው። ጥያቄው «የሽያጭና የማስታወቂያ ክፍላችን ፕሮግራመር ሳይጠራ ጽሑፉን፣ ሥዕሉንና ዋጋውን ራሱ ማስተካከል ይችላል ወይ?» የሚል ሆኗል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ይህ አሠራር ምን እንደሆነ፣ ምን ያህል እንደሚያወጣ፣ የት ላይ እንደሚያሰናክልና ባለሀብቱ ከመፈረሙ በፊት ምን መጠየቅ እንዳለበት በቀላሉ ማስረዳት ነው።

ችግሩ ከየት መጣ?

የመጀመሪያው ድረ ገጽ እ.ኤ.አ. በ1991 ዓ.ም. በአውሮፓ የኑክሌር ምርምር ማዕከል፣ በሰርን፣ በቲም በርነርስ ሊ ተሠራ። በዚያ ዘመን እያንዳንዱ ገጽ ለብቻው በኮድ የሚጻፍ ፋይል ነበር። ጽሑፉ፣ ቀለሙና አቀማመጡ በአንድ ፋይል ውስጥ ተቀላቅለው ስለሚገኙ አንዲት ቁጥር ለመለወጥ ኮዱን ከፍቶ፣ ቁጥሯን ፈልጎ፣ ለውጦ መልሶ ወደ ሰርቨር መላክ ያስፈልግ ነበር። በአገራችን የኢንተርኔት አገልግሎት በ1989 ዓ.ም. ከተጀመረ በኋላ የተከፈቱት የድርጅት ገጾችም በአመዛኙ በማተሚያ ቤት እንደሚታተም ብሮሹር ነበሩ። አንዴ ይሠራሉ፤ ከዚያ አይነኩም።

ይህን ችግር ለማቃለል የይዘት ማስተዳደሪያ የሚባሉት ፕሮግራሞች መጡ። ድሩፓል እ.ኤ.አ. በ2001፣ ወርድፕረስ በ2003፣ ጁምላ በ2005 ለሕዝብ ቀረቡ። ሦስቱም ፕሮግራሞች ያለ ክፍያ የሚገኙ ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ ወርድፕረስ እጅግ ተስፋፍቶ በአሁኑ ወቅት ከዓለም ድረ ገጾች ከ40 በመቶ በላይ የሚሆኑት በእርሱ ይሠራሉ።

እንግዲህ መሣሪያው ከ20 ዓመት በላይ ዕድሜ ካለው፣ ድርጅቶች ዛሬም ለአንዲት ቁጥር ፕሮግራመር የሚጠሩት ለምንድን ነው? ምክንያቱ በአብዛኛው አሠራሩ ላይ ነው። ገጹ በወርድፕረስ ይሠራል፤ ነገር ግን ሠሪው ዋጋውንና ዝርዝሩን በኮድ ውስጥ ወይም በሥዕል ላይ ይጽፈዋል። ማስተዳደሪያው አለ፤ የሚያስተዳድረው ነገር ግን የለም። አንዳንዴም የይለፍ ቃሉ ከሠሪው እጅ ሳይወጣ ይቀራል። ስለዚህ «ማስተዳደሪያ አለው ወይ?» ብሎ መጠየቅ ብቻውን በቂ አይደለም።

አሠራሩ ሲብራራ

ነገሩን ለመረዳት የአንድ መደብር መጋዘንና የመስተዋት ማሳያ ማሰብ ይበቃል። በመጋዘኑ ውስጥ ለእያንዳንዱ ዕቃ የመዝገብ ካርድ አለ። ስሙ፣ ብዛቱና ዋጋው በካርዱ ላይ ሰፍሯል። በመስተዋቱ በኩል የሚታየው ዕቃ አቀማመጥ ደግሞ ሌላ ሥራ ነው። ጥሩ ድረ ገጽ እነዚህን ሁለቱን ይለያል። መረጃው በአንድ በኩል እንደ ካርድ በተሠሩ ሣጥኖች ውስጥ ይቀመጣል። መልኩን የሚወስነው ኮድ በሌላ በኩል ይቀመጣል። የሽያጭ ሠራተኛው ሣጥኑን ይሞላል፤ ፕሮግራመሩ መስተዋቱን ይሠራል።

ለምሳሌ ያህል አንድ ቡና ላኪ ድርጅት እንውሰድ። የሚሸጠው ይርጋጨፌ፣ ሲዳማ፣ ጉጂና ሊሙ ነው እንበል። በአሮጌው አሠራር ለእያንዳንዱ ቡና አንድ ረዥም ጽሑፍ ይጻፋል፤ ደረጃው፣ የምርት ዘመኑና የቀረው ብዛት በጽሑፉ መካከል ይሰገሰጋል። በአዲሱ አሠራር ግን ለእያንዳንዱ የቡና ዓይነት አንድ ካርድ ይከፈታል። ካርዱ የተለያዩ ሣጥኖች አሉት፦ የበቀለበት አካባቢ፣ ደረጃ፣ የታጠበ ወይም ያልታጠበ፣ የምርት ዘመን፣ የቅምሻ ነጥብ፣ ለሽያጭ የቀረበው ጆንያ ብዛት፣ ዋጋና ዋጋው ጸንቶ የሚቆይበት ቀን።

የዚህ ጥቅሙ አራት ነው። አንደኛ፣ ዋጋው በአንድ ቦታ ብቻ ስለሚጻፍ በአንድ ቦታ ሲለወጥ በፊተኛው ገጽ፣ በዝርዝሩና በእንግሊዝኛው ገጽ ላይ አብሮ ይለወጣል። በአንዱ ገጽ አዲስ፣ በሌላው አሮጌ ዋጋ የሚታይበት ጉድ ይቀራል። ሁለተኛ፣ ዋጋው የሚያበቃበት ቀን ሲደርስ ገጹ ራሱ ዋጋውን አንስቶ «ዋጋ ይጠይቁን» የሚል እንዲያሳይ ማድረግ ይቻላል። ሦስተኛ፣ ሠራተኛው የሚነካው ሣጥኑን ብቻ ስለሆነ የገጹን መልክ አያበላሽም። አራተኛ፣ መረጃው ከመልኩ ስለተለየ ከሦስት ዓመት በኋላ መልኩን መለወጥ ቢያስፈልግ ጽሑፉን ሁሉ እንደገና መጻፍ አያስፈልግም።

የገንዘቡን ነገር በቁጥር ለማየት ያህል፣ አንድ ኮንቴይነር በተለምዶ 320 ጆንያ ቡና ይይዛል። አንዱ ጆንያ 60 ኪሎ ሲሆን ጠቅላላው 19,200 ኪሎ ወይም 42,300 ፓውንድ ገደማ ነው። ድርድሩ በፓውንድ በ10 ሳንቲም በሚያንስ አሮጌ ዋጋ ላይ ተመሥርቶ ቢጀመርና በዚያው ቢያልቅ፣ በአንድ ኮንቴይነር ብቻ ከ4,200 ዶላር በላይ ይታጣል። በድረ ገጽ ላይ የተጻፈ ዋጋ ውል አይደለም፤ ገዥው ድርድሩን የሚጀምርበት መነሻ ግን ይሆናል። ደላላም ሆነ ላኪ የመነሻ ዋጋን ጉልበት ጠንቅቆ ያውቃል።

ነፃነቱ እስከ ምን ድረስ?

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱበት ነጥብ አለ። የሽያጭ ክፍሉ ፕሮግራመር አያስፈልገውም ሲባል ሁሉም ሰው ሁሉን ነገር ይለውጥ ማለት አይደለም። ገጹን እንደ ባዶ ሸራ የሚሰጡ፣ ማንኛውንም ነገር በማንኛውም ቦታ ጎትቶ ለማስቀመጥ የሚያስችሉ መሣሪያዎች አሉ። መጀመሪያ ላይ ያስደስታሉ። ከስድስት ወር በኋላ ግን አንዱ ገጽ ቀይ፣ ሌላው ሰማያዊ፣ አንዱ ፊደል ትልቅ፣ ሌላው ትንሽ ይሆናል። ገጹም እየከበደ በስልክ ለመክፈት ያስቸግራል። በሞባይል ዳታ የሚጠቀመው ደንበኛ ደግሞ ገጹ እስኪከፈት አይጠብቅም።

ስለዚህ የተሻለው መንገድ የተወሰኑ ጡቦችን አዘጋጅቶ ማስረከብ ነው። ፕሮግራመሩ አሥር ወይም አሥራ አምስት ዓይነት ክፍሎችን ይሠራል፦ የዕቃ ዝርዝር፣ የሥዕል ረድፍ፣ የጥያቄና መልስ ክፍል፣ የማስታወቂያ ሰሌዳ፣ የመገኛ አድራሻ ወዘተ። የማስታወቂያ ክፍሉ እነዚህን ጡቦች እንደፈለገ ደርድሮ አዲስ ገጽ ይሠራል። ቀለሙና የፊደሉ መጠን ግን ተቆልፏል።

ከዚህ ሌላ የሥልጣን ክፍፍል ያስፈልጋል። በሒሳብ ክፍል ቼክ የሚያዘጋጀውና የሚፈርመው ሰው እንደሚለያይ ሁሉ፣ እዚህም የሚጽፈውና ለሕዝብ የሚለቀው መለያየት ይገባዋል። ጸሐፊው ረቂቅ ያዘጋጃል፤ የክፍሉ ኃላፊ አይቶ ይለቃል፤ የሥርዓቱን ቁልፍ የሚይዘው ደግሞ ሦስተኛ ሰው ነው። በተለይ ዋጋ፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥርና የውል ሁኔታዎች በአንድ ሰው እጅ ብቻ መለወጥ የለባቸውም። የባንክ ሒሳብ ቁጥር በገጹ ላይ የሚያወጣ ድርጅት አንዲት አኃዝ በስህተት ወይም ሆን ተብሎ ብትለወጥ ገንዘቡ የት እንደሚገባ ማሰብ አለበት። ሥርዓቱ ማን፣ መቼ፣ ምን እንደለወጠ መዝግቦ መያዝና ወደ ቀድሞው መመለስ መቻልም ይኖርበታል።

የእንግሊዝ መንግሥት ልምድ

ይህን አሠራር በትልቅ ደረጃ ከሞከሩት መካከል የእንግሊዝ መንግሥት ይጠቀሳል። ለንደን ውስጥ እያንዳንዱ ሚኒስቴርና ኤጀንሲ የየራሱ ድረ ገጽ ነበረው። ለዜጎች አገልግሎት «ዳይሬክትገቭ»፣ ለነጋዴዎች «ቢዝነስሊንክ» የሚባሉ ሁለት ትልልቅ ገጾችም ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2010 ማርታ ሌን ፎክስ ለመንግሥት ያቀረቡት ሪፖርት ይህ ሁሉ ወደ አንድ እንዲጠቃለል መከረ። በ2011 የመንግሥት ዲጂታል አገልግሎት የተባለው መሥሪያ ቤት ተቋቋመ። በጥቅምት ወር 2012 ደግሞ «ገቭ ዶት ዩኬ» የተባለው አዲስ ገጽ ሁለቱን ተክቶ ሥራ ጀመረ። ከዚያም ሚኒስቴሮቹና በመቶዎች የሚቆጠሩ ኤጀንሲዎች እ.ኤ.አ. እስከ 2014 መጨረሻ ድረስ ተራ በተራ ገቡ።

ለንግድ ድርጅት ትምህርት የሚሆነው የሥራ ክፍፍሉ ነው። መልኩንና ኮዱን አንድ ማዕከል ይይዛል። ጽሑፉን ግን በየሚኒስቴሩ ያሉ ጸሐፊዎች ራሳቸው በማስተዳደሪያው አማካይነት ያወጣሉ። ጽሑፉ ከመውጣቱ በፊት በሁለተኛ ሰው ዓይን ማለፍ አለበት የሚል ደንብም አላቸው።

ሁለተኛው ትምህርት ግን ማስጠንቀቂያ ነው። ማሳተም ሲቀል ይበዛል። የገጹ ጽሑፎች በመቶ ሺዎች እስከ መቆጠር ደርሰው፣ ያረጀውንና የተደጋገመውን መልቀም ራሱን የቻለ ሥራ ሆኗል። አንድ ድርጅትም ቁልፉን ለማስታወቂያ ክፍሉ ሲሰጥ እያንዳንዱ ገጽ ባለቤትና የመመርመሪያ ቀን እንዲኖረው ካላደረገ፣ ያረጀ ዋጋ የሚታይበት ችግር በሌላ በር ተመልሶ ይገባል።

ሒሳቡ

ባለሀብቱን ይበልጥ የሚያሳስበው ወጪው እንደሚሆን አያጠራጥርም። ትክክለኛው ዋጋ እንደ ሥራው ስፋትና እንደ ባለሙያው ስለሚለያይ እዚህ የምንጠቀምባቸው ቁጥሮች ለስሌት ብቻ የተወሰዱ ናቸው። አንባቢ የራሱን ቁጥር ተክቶ ማስላት ይችላል።

አንድ ድርጅት በወር 20 ጊዜ ገጹን ያስለውጣል፣ ለእያንዳንዱም 1,000 ብር ይከፍላል እንበል። ይህ በወር 20,000፣ በዓመት 240,000 ብር ይሆናል። አዲሱ ገጽ 600,000 ብር ቢያስወጣና ለዓመት ጥገና 90,000 ብር ቢጠይቅ፣ በዓመት የሚተርፈው 150,000 ብር ነው። ስለዚህ ወጪው የሚመለሰው በአራት ዓመት ነው። ሌላ ድርጅት ደግሞ በወር 5 ጊዜ ብቻ ቢያስለውጥ የዓመት ወጪው 60,000 ብር ነው። ይህ ከአዲሱ ገጽ የጥገና ወጪ እንኳ ያንሳል። ለእርሱ በዚህ ስሌት ብቻ አዲስ ገጽ ማሠራት «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ይሆንበታል።

ይሁን እንጂ ስሌቱ የመዘግየትን ዋጋ አላካተተም። ቀደም ሲል እንዳየነው በአንድ ኮንቴይነር ላይ የሚታጣው ከ4,200 ዶላር በላይ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ሁለት ጥያቄ አብሮ መጠየቅ ይገባል፦ በወር ስንት ጊዜ ይለወጣል? አንድ ለውጥ በሦስት ቀን ቢዘገይ ምን ያህል ያሳጣናል? ለውጡ ብዙ ወይም መዘግየቱ ውድ የሆነበት ድርጅት አሠራሩ ያዋጣዋል። አስመጪዎች፣ ላኪዎች፣ የጉዞ ወኪሎች፣ ሆቴሎችና የሪል ስቴት አልሚዎች በዚህ ረድፍ ይመደባሉ። አምስት ገጽ ብቻ ያለውና በዓመት አንዴ የስልክ ቁጥር የሚለውጥ ድርጅት ግን ያለውን ቢያቆይ ይሻለዋል። የዕለት ዋጋ ማሳወቅ ብቻ ከፈለገ የቴሌግራም ቻናል ይበቃዋል።

በወጪው በኩል ሦስት ነገሮች ይረሳሉ። የመጀመሪያው የውጭ ምንዛሪ ነው። ከውጭ አገር የሚከራዩ ሰርቨሮችና በወር የሚከፈልባቸው ፕሮግራሞች በዶላር ስለሚከፈሉ የብር ዋጋቸው ከተመኑ ጋር ይወጣል። ሁለተኛው አሮጌውን ጽሑፍ ወደ አዲሱ ሣጥኖች ማስተላለፍ ነው። ይህ በእጅ የሚሠራ አሰልቺ ሥራ ሲሆን በውሉ ካልተጠቀሰ ማን እንደሚሠራው ያጨቃጭቃል። ሦስተኛው ሥልጠና ነው። ሥርዓቱን የሚያውቀው አንድ ሠራተኛ ብቻ ከሆነና እርሱ ሥራ ከለቀቀ ድርጅቱ ወደ ነበረበት ይመለሳል።

ሊታወቅ የሚገባው ሌላ ነገር፣ ፕሮግራመሩ ጨርሶ አይሰናበትም። ቁጥር መለወጡ ይቀርለትና ጥበቃው፣ ጥገናውና አዳዲስ ክፍሎችን መሥራቱ ይቀጥላል። «ከዚህ በኋላ ባለሙያ አያስፈልጋችሁም» የሚል ሻጭ ካለ መጠርጠር ይገባል።

ለአማርኛ ገጽ ልዩ ጥንቃቄ

የውጭ አገር መማሪያዎች የማይነግሩን የራሳችን ችግሮችም አሉ። አንደኛው የፊደል ጉዳይ ነው። የግዕዝ ፊደል ወደ ዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሠንጠረዥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊትና ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት ጽሑፎች ይጻፉ የነበሩት እርስ በርስ በማይግባቡ የፊደል ፕሮግራሞች ነበር። በእነዚህ የተጻፈ የድርጅት ታሪክ ወይም የዕቃ መግለጫ ወደ አዲሱ ገጽ ሲገለበጥ ትርጉም የለሽ የላቲን ምልክቶች ክምር ይሆናል። ስለዚህ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ያሉት ሰነዶች ወደ ዩኒኮድ መለወጣቸው መረጋገጥ አለበት።

ሁለተኛው ፍለጋ ነው። «ሐረር» ብሎ የጻፈ ሠራተኛና «ሀረር» ብሎ የሚፈልግ ደንበኛ አይገናኙም። ለእኛ ድምፁ አንድ ነው፤ ለኮምፒዩተሩ ግን ሐ እና ሀ ሁለት የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንዲሁ። የገጹ መፈለጊያ እነዚህን እንደ አንድ እንዲቆጥር ሠሪው ማዘጋጀት አለበት። ይህ ደግሞ በውሉ ካልተጻፈ የሚሠራ የለም።

ሦስተኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። ማስተዳደሪያዎቹ ቀን የሚቆጥሩት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። «ዋጋው እስከ 30 ድረስ ይጸናል» ተብሎ ሲጻፍ የየትኛው ወር 30 መሆኑ ካልታወቀ ዋጋው ከታሰበው ቀን በፊት ወይም በኋላ ይነሳል። በሁለቱም አቆጣጠር የሚያሳይ ሣጥን ማሠራት ይህን ያስቀራል።

አደጋው ምን ላይ ነው?

በሰፊው የሚሠራበት መሣሪያ በሰፊው የሚጠቃም ነው። ጥቅምት 15 ቀን 2014 እ.ኤ.አ. የድሩፓል አዘጋጆች አንድ ከባድ የጥበቃ ክፍተት እንዳለ ገልጸው ማስተካከያውን በዚያው ቀን አወጡ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ባወጡት ማስታወቂያ ግን ማስተካከያው በወጣ በ7 ሰዓት ውስጥ ያልታደሰ ገጽ ሁሉ ተሰብሯል ተብሎ ይገመት አሉ። ሰባት ሰዓት ማለት የአንድ የሥራ ቀን ያህል እንኳ አይደለም። ስለዚህ በውሉ ላይ የማደስ ሥራ የማን እንደሆነና በስንት ሰዓት ውስጥ እንደሚፈጸም መጻፍ አለበት። በወርድፕረስ በኩል ደግሞ ከዋናው ፕሮግራም ይልቅ ከሌሎች ሰዎች የሚገኙት ተቀጥላ ፕሮግራሞች ብዙውን ጊዜ የችግሩ በር ይሆናሉ። ባነሱ ቁጥር ይመረጣል።

ሌላው አደጋ በሽግግሩ ቀን የሚደርሰው ነው። የገጾቹ አድራሻ ሲለወጥ በጉግል የተመዘገበውና ገዥዎች በኢሜይላቸው ያስቀመጡት የቀድሞ አድራሻ ወደ ባዶ ቦታ ይወስዳል። ለዓመታት የተገነባው የፍለጋ ደረጃም ይወድቃል። መድኃኒቱ አሮጌ አድራሻዎችን ሁሉ በዝርዝር ይዞ እያንዳንዱን ወደ አዲሱ የሚያሻግር ትእዛዝ መጻፍ ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው ይህን ዘልሎ የከፈተ ድርጅት የጠፉ ደንበኞችን ሲለቅም ይከርማል።

የደንበኞችን ስምና ስልክ በገጹ የሚቀበል ድርጅት ደግሞ የግል ዳታ ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 1321/2016ን ማስታወስ ይኖርበታል። በማስተዳደሪያው ውስጥ የተከማቸውን የደንበኛ መረጃ ሁሉም ሠራተኛ ማየት የለበትም።

ከመፈረም በፊት

ከላይ የተባሉት ሁሉ በውል ካልሰፈሩ ከንቱ ናቸው። ባለሀብቱ ቢያንስ የሚከተሉትን ማረጋገጥ ይገባዋል።

1. የድረ ገጹ ስም በድርጅቱ ስም ይመዝገብ። በ«ዶት ኢቲ» የሚያልቅ ስም በኢትዮ ቴሌኮም፣ በ«ዶት ኮም» የሚያልቅ ደግሞ በውጭ አገር መዝጋቢዎች በኩል ይገኛል። በሠሪው ስም የተመዘገበ ስም በጸብ ቀን የሠሪው ነው።

2. የሰርቨሩና የማስተዳደሪያው ዋና የይለፍ ቃል ለድርጅቱ ኃላፊ በጽሑፍ ይረከብ።

3. መረጃው ሁሉ በሌላ ፕሮግራም ሊከፈት በሚችል ፋይል መውጣት እንደሚችል በተግባር ይታይ። መውጣት የማይችል መረጃ ምርኮኛ ነው።

4. መጠባበቂያ ቅጂ በየቀኑ ይያዝ፤ ከቅጂው መልሶ ማቋቋም እንደሚቻልም ቢያንስ አንድ ጊዜ ይሞከር።

5. የትኞቹ ለውጦች በሽያጭ ክፍል፣ የትኞቹ በፕሮግራመር እንደሚሠሩ በዝርዝር ይጻፍ። «ሁሉንም መለወጥ ትችላላችሁ» የሚል አነጋገር አይበቃም።

6. ሥልጠናው ቢያንስ ለሁለት ሠራተኞች ይሰጥ፤ በአማርኛ የተጻፈ አጭር መመሪያም ይረከብ።

7. የመጨረሻው ክፍያ ከፈተና በኋላ ይሁን።

የሰባተኛው ነጥብ ፈተና ቀላል ነው። ገጹን ያልሠራ፣ ኮድ የማያውቅ የሽያጭ ሠራተኛ ኃላፊው ፊት ይቀመጥና አምስት ሥራ ይሰጠው፦ የአንድ ዕቃ ዋጋ ይለውጥ፤ አዲስ ዕቃ ከነሥዕሉ ያስገባ፤ ያለቀ ዕቃ ያንሳ፤ ለቅዳሜ የሚወጣ ማስታወቂያ ዛሬ ያዘጋጅ፤ በመጨረሻም የሠራውን አንዱን ለውጥ ወደ ነበረበት ይመልስ። ሠሪው አጠገቡ ሳይሆን ሌላ ክፍል ይቀመጥ። ሠራተኛው አምስቱንም በግማሽ ሰዓት ውስጥ ከጨረሰ ገጹ የተባለውን ያደርጋል ማለት ነው። ሁለቱ ላይ ሠሪውን ከጠራ ግን ድርጅቱ የገዛው አዲስ መልክ እንጂ አዲስ አሠራር አይደለም። ቀሪው ክፍያም ይቆያል።

ይህን ሁሉ ለመጀመር ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም። አንድ ድርጅት ከነገ ጀምሮ ለአንድ ወር በገጹ ላይ ያስለወጠውን ሁሉ በአንድ ደብተር ይመዝግብ፦ ምን እንደተለወጠ፣ መቼ እንደተጠየቀ፣ መቼ እንደተፈጸመ፣ ስንት እንደተከፈለ። በወሩ መጨረሻ ደብተሩ ራሱ አዲስ ገጽ ያስፈልግ ወይም አያስፈልግ እንደሆነ ይናገራል። ወደ ሠሪው የሚሄደውም ድርጅት የራሱን ቁጥር ይዞ ስለሚደራደር የሻጩን ቁጥር አምኖ አይፈርምም።